ድምፅ፣ ዕረፍትና መድኃኒት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ እትም መልስ ያገኙት ደብዳቤዎች ሁሉ የተላኩት ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው። የሚጠይቁትም ተቀራራቢ ነገር ነው፤ በዜማ፣ በደወልና በባህል መድኃኒት እስከ ምን ድረስ መታመን ይቻላል? ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ከኮየ ፈጬ

*የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች የብረታ ብረት ሥራ አለ፣ ከጎን የጎረቤት ቴሌቪዥን። እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ። ጓደኛዬ «528 ኸርዝ» የሚባል ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ አለችኝ፤ የተጎዳ ሕዋስ ይጠግናል ይባላል። ልመነው? ዕድሜዬ 26 ነው።*

እህታችን፣ ኸርዝ ማለት አየሩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ መቁጠሪያ ነው፤ ከቁጥሮቹ መካከል ለፈውስ የተለየ የለም። ፒያኖ ላይ 523 ኸርዝ አካባቢ ያለው ዶ የ528 የቅርብ ጎረቤት ነው። የሕፃን ልቅሶም እዚያው አካባቢ ይውላል። ሕዋስ ይጠግናል የሚለውን በሰው ላይ ያረጋገጠ ጥናት የለም። «432 የተፈጥሮ ነው፣ 440 ይጎዳል» የሚባለውም እንዲሁ መሠረት የለውም፤ 440 መለኪያ የሆነው የተለያየ አገር ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን በአንድ ልክ እንዲቃኙ ነው። እኛ አገር ክራርና ማሲንቆ የሚቃኙት በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። ትዝታ ዛሬ ዝቅ፣ ነገ ከፍ ብሎ ቢቃኝ ትዝታነቱን አያጣም።

ድምፅ ለእንቅልፍ አይጠቅምም ማለታችን ግን አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. 13 ጥናቶችን፣ በድምሩ 1007 እንቅልፍ የሚቸግራቸው አዋቂዎችን የያዙ፣ አገላብጦ ነበር። ሙዚቃ ማዳመጥ የእንቅልፍን ጥራት ሳያሻሽል እንደማይቀር ደምድሟል። ሰዎቹ ያዳመጡት በቀን ከ25 እስከ 60 ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮ ውስጥ ተሰክቶ የሚያድር ነገር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጉዳት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ብትሰሚ በሳምንት 56 ሰዓት ይሆናል። የታችኛውን ፎቅ ጩኸት ለመሸፈን ደግሞ ድምፁን ከፍ ማድረግሽ አይቀርም። ጆሮ ውስጥ የሚሰካው ማዳመጫ ኩክን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ቀዳዳውን ያረጥባል፣ ቁስለትም ሊያመጣ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ዝግ ያለ፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው፣ ድንገት ከፍ የማይል፣ ግጥሙ ሐሳብ የማይቀሰቅስብሽ ዜማ ምረጪ። ዋሽንት ወይም የበገና ድርደራ ጥሩ ነው። በኢንተርኔት የምትሰሚ ከሆነ መሃል ላይ ማስታወቂያ ገብቶ ያስደነግጥሻልና አስቀድመሽ ስልክሽ ላይ ጫኚው። ስልኩን ትራስ ሥር አትክተቺው፤ መደርደሪያ ላይ፣ ከጎረቤት ጋር ከምትጋሪው ግድግዳ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፣ በ45 ደቂቃ እንዲዘጋም ሰዓት ሙይለት። ድምፁ ሰው በሹክሹክታ ቢያናግርሽ የምትሰሚበት ልክ ይሁን። ያንኑ ዜማ ቢያንስ 3 ሳምንት አትቀይሪው፤ ሰውነት ከመኝታ ጋር የሚያያይዘው በመደጋገም ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተኛሽ ተነሺና ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀምጠሽ ቆዪ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሺ። የመነሻ ሰዓትሽ በእሑድም ቢሆን አይለወጥ።

ቡናም አለ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ በ11 ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ማታ በ4 ሰዓት ግማሹን ተሸክሞ ነው አልጋ ላይ የሚወጣው። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ 3 ወር ካለፈው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ግን 3 ወር መጠበቅ የለበትም።

ከሱሉልታ

*እህቴ ከኔፓል የመጣ የነሐስ ሳህን፣ ሲንጊንግ ቦል የሚሉትን፣ ሰጠችኝ። ስመታው ያምራል፤ በእንጨቱ ከንፈሩን ላዙር ስል ግን ይንኳኳል፣ ይንቋቋል። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ እሱ ላይ ላስቀምጥላት ይሆን?*

የሚንኳኳው መምቻው እየዘለለ ስለሆነ ነው። እንጨቱ ከንፈሩን ሲታከክ ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል፤ ማሲንቆም የሚጮኸው በዚሁ መንገድ ነው። ባለ ማሲንቆው የደጋኑን ጭራ ዕጣን የሚቀባው ክሩን እንዲይዝለት ነው። የእርስዎ መምቻ ልሙጥ እንጨት ከሆነ አይይዝም፤ ጫፉን በለስላሳና ሻካራ ቆዳ፣ ለምሳሌ በአሮጌ ጓንት ቁራጭ፣ አጥብቀው ይጠቅልሉት።

ሳህኑን በግራ መዳፍ ላይ ያሳርፉ፣ ጣቶችዎ ተዘርግተው ጎኑን እንዳይነኩት። ጣት ጎኑን ከነካ ድምፁ ይታፈናል። ትንንሹ ሳህን በጣት ጫፎች ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ከባዱን ጨርቅ ጠምዝዘው በሠሩት መቀመጫ ላይ ያድርጉት። መጀመሪያ አንዴ ቀስ አድርገው ይምቱትና ድምፁ ሳይሞት መምቻውን ቀጥ አድርገው ከውጭ በኩል ከንፈሩ ላይ ይጫኑት። ከዚያ ክንድዎን ከትከሻ ጀምሮ እያንቀሳቀሱ ያዙሩት፣ አንጓዎ አይጠምዘዝ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በፍጥነቱ ነው፤ ድምፁ ሲጀምር ደስ ይለውና ያፈጥናል፣ ርግብግቡ ከመምቻው ይበረታል፣ መንኳኳትም ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ግፊቱን ጥቂት ይጨምሩ። እንዲህም ሆኖ በአንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚንጣጣ ከሆነ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ሳህኑን ብርሃን ላይ አድርገው ከንፈሩን በጥፍርዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ።

ለማረፊያ ሲጠቀሙበት ከማዞር ይልቅ መምታቱን እንመርጣለን። ሰውየው ፍራሽ ላይ በጀርባው ይተኛ፣ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይግባ፣ ብርድ ልብስ ይደረብለት፤ ሱሉልታ ብርዱ ከባድ ነው፣ የሚንቀጠቀጥ ሰው አያርፍም። ሳህኑ ከራስ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። በጨርቅ በተጠቀለለ መምቻ ከከንፈሩ ትንሽ ዝቅ ብለው በለዘብታ ይምቱ፤ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሳይቸኩሉ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይድገሙ። የሚያዳምጠው ሰው ድምፁን እስከ መጨረሻው ጭራው ይከተል፣ ትንፋሹንም አብሮ ይልቀቅ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ነው። ሲጨርሱ 3 ወይም 4 ደቂቃ በዝምታ ይቆዩ፣ የተኛውም በጎኑ ዞሮ ቀስ ብሎ ይነሳ፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች ድንገት ሲነሱ ያዞራቸዋል።

እናትዎ ጉልበት ላይ ማስቀመጡን በተመለከተ፦ ንዝረቱ ለጊዜው ሊያፍታታቸው ይችላል፣ ያለቀ የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት ግን አይመልስም። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ አይንኩት። አንዱ ባታቸው ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ያንኑ ዕለት ሐኪም ይየው። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ደረት ላይም ሳህን አይቀመጥም።

ቅይጡ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ በሳህኑ ውኃ ወይም ሎሚ ጨምቀው አይጠጡ። አንዳንዱ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ አሲድ ደግሞ ያወጣዋል። ሲያጸዱትም በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይሁን።

ከቡራዩ

*አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ግፊት ካለባቸው ቆይቷል፤ አምሎዲፒንና አቴኖሎል ይወስዱ ነበር። አንድ «በድምፅ የሚያክም» ሰው ጋ መሄድ ከጀመሩ በኋላ ኪኒኑን ትተው በየጠዋቱ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው ይበላሉ። «ቀለለኝ» ይላሉ። ምን ልበላቸው?*

ልጃችን፣ ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ አክብደን አይተነዋል። ግፊት ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስሜት የለውም፤ «ቀለለኝ» ማለት ግፊቱ ወርዷል ማለት አይደለም። አቴኖሎልን ድንገት ማቆም ደግሞ በራሱ አደገኛ ነው። መድኃኒቱ ልብን አረጋግቶ ይዟት ስለቆየ በአንዴ ሲነሳ የልብ ምትና ግፊት ዘለው ሊወጡ ይችላሉ፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው የደረት ውጋትና ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እስከ ማምጣት ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬ ወይም ነገ መድኃኒቱን ያዘዘላቸው ጤና ተቋም ይሂዱ። በራሳቸው የድሮውን መጠን በሙሉ መልሰው ከመጀመራቸው በፊትም ባለሙያው ይለካቸው።

ክርክሩን በመለኪያ ብታደርጊው ከቃል ይሻላል። ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል መለኪያ ተውሳችሁም ቢሆን አግኙ። ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና አይጠጡ፣ ሽንት ይሽኑ፣ 5 ደቂቃ በዝምታ ይቀመጡ። ጀርባቸው ተደግፎ፣ እግራቸው ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ይሁን። ማሰሪያው በቀጥታ ቆዳ ላይ እንጂ በሹራብ ላይ አይታሰር። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ጻፉ፤ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀረውን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ግፊቱ በቁጥጥር ሥር አልዋለም። 180/120 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መኮላተፍ ወይም የዓይን መጋረድ ካለ ግን ሳትዘገዩ ሆስፒታል ድረሱ።

አባትሽ ከድምፁ ያገኙትን ዕረፍት አትንጠቂያቸው። እውነተኛ ዕረፍት ነው፤ ዝግ ያለ ትንፋሽ የልብን ምት ያረጋጋል፣ ግፊትንም በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለ ክፍያ ሊያደርጉት ይችላሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው በአፍንጫ 4 ሴኮንድ ይሳቡ፣ አፋቸውን ዘግተው «ምምም» እያሉ 6 ሴኮንድ ይልቀቁ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ካዞራቸው የሚስቡበትንና የሚለቁበትን ጊዜ ያሳጥሩ፣ ትንፋሽ አይያዙ። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት እንዲህ በማንጎራጎር የሚወጣ ትንፋሽ ከዝምታው ትንፋሽ 15 እጥፍ ያህል ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ከአፍንጫ ይዞ ይወጣል። ይህ የሚያሳየው የአፍንጫ አካባቢ ጉድጓዶች አየር እንደሚናፈሱ ነው፤ የግፊት ኪኒን ይተካል ማለት አይደለም።

ነጭ ሽንኩርቱ በወጥ ልክ ቢሆን አይከፋም። በብዛት በጥሬው ሲሆን ጨጓራ ያቃጥላል፤ አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን ከሚወስድ ሰው ጋር ደግሞ የመድማት አደጋን ይጨምራል። ለሐኪሙ ይናገሩ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ቆጥረው።

ሃይማኖታዊ ሥጋት ካለባቸው አንድ ነገር አስታውሺያቸው። በእንጦጦ ጸበል ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን በሚጠመቁበት ዘመን መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው የሚሉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ጸበል ከኪኒን ጋር ከሄደ፣ ጎንግ (ተንጠልጥሎ የሚመታ ትልቅ ክብ ብረት) እና ደወል የማይሄድበት ምክንያት የለም። ኪኒንህን ጣል የሚል አካሚ ካለ ግን ከእሱ መራቅ ነው።

ከለገጣፎ

*የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሳህኑን ሆድ ላይ አድርጎ መምታት ለፅንሱ ጥሩ ነው ተባልኩ። ለጉንፋን ደግሞ ጤና አዳምና ዳማከሴ እጠጣለሁ።*

ሆድ ላይ አይደረግም። ፅንሱ በዚህ ጊዜ አካባቢ መስማት ይጀምራል፤ የእርስዎ ድምፅና የልብዎ ምት ይበቃዋል። በክፍሉ ሌላ ጥግ በለዘብታ የሚመታ ሳህን ወይም ዝግ ያለ ዜማ ማዳመጥ ግን ምንም አይልም፤ በግራ ጎንዎ ተኝተው ይስሙ እንጂ በጀርባዎ ለረጅም ጊዜ አይተኙ። ትልቅ ጎንግ ከሚመታበት አዳራሽ ይቅሩ።

ጤና አዳምን ያቁሙ። ማሕፀንን የሚያነሳሳ ነገር አለው፤ ቡና ላይ ጣል የምትደረገውንም ቅጠል እስኪወልዱ ቢተዉ ይመረጣል። እንዶድና ኮሶ በምንም መጠን አይሞከሩም። ለጉንፋኑ ዝንጅብል በሙቅ ውኃ፣ ጨው ባለው ለብ ያለ ውኃ መጉመጥመጥና ዕረፍት ይበቃል። ዳማከሴውን የእርግዝና ክትትል ለምታደርግልዎ አዋላጅ ሳይነግሩ አይጠጡ። ትኩሳት ካለ ዛሬውኑ ይታዩ።

ከእንጦጦ ግርጌ

*ጡረታ ወጥቻለሁ። ለመንፈስ ዕረፍት ብዬ በገና ገዛሁ። ነገር ግን ያ የሚነዝረው ድምፅ የለውም፣ እንደ ክራር ጥርት ይላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቅኝቱ አልቆም አለ። ምን ጎድሎት ነው?*

ጋሼ፣ በገናዎ አልተበላሸም፤ እንዚራው አልተስተካከለም። እንዚራ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው (አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ) መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን በስሱ ይመታል፤ ያ ነዛሪ ድምፅ የሚወጣውም ከዚያ ነው። የበገና አውታር በጣም ወፍራምና ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ስለሆነ ያለ እንዚራ ጆሮ ደህና አድርጎ አይይዘውም። ንዝረቱ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ይጨምርለትና ይጎላል።

ሲያስተካክሉ መጀመሪያ አውታሮቹን ወደሚፈልጉት ቅኝት ያምጡ፤ እንዚራ ከቅኝት በፊት ቢስተካከል አውታሩ ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ተመልሶ ይበላሻል። ከዚያ ከወፍራሙ ይጀምሩ። በአንድ እጅ አውታሩን ደጋግመው እየነኩ በሌላው ቆዳዋን በጣም በጥቂት በጥቂቱ ይግፉ ወይም ይሳቡ። ቆዳዋ አውታሩን በደንብ ከተጫነችው ድምፁ ይደፈናል፤ ጭራሽ ካልነካችው እንደ ክራር ይጠራል። የሚፈለገው ለመንካት ያህል ስትነካው ነው፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ድምፁ ድንገት ይከፈታል፣ ሲሰሙት ያውቁታል። ሲጨርሱ ሁሉንም በተራ ነክተው የአንዱ ነዝር ከሌላው እንዳይበልጥ ያመዛዝኑ። ቆዳዋ ከደረቀችና ከጠነከረች በሌላ ለስላሳ ቁራጭ ይለውጧት።

ስለ ክረምቱ፦ የአንጀት አውታር እርጥበት ይጠጣል። የድምፅ ሳጥኑን የሸፈነው ቆዳም ይላላና በርኩማው ትንሽ ይሰምጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል። በገናውን ከመሬት አንስተው፣ ከግድግዳው አርቀው፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው ያስቀምጡ። ምድጃ ዳር ወይም ፀሐይ ላይ አድርቀው ለማስተካከል አይሞክሩ። ቆዳው በአንዴ ይወጠራል፣ አውታሩ ይበጠሳል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። መጫወት ሲፈልጉ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ከጨርቁ ያውጡትና የክፍሉን አየር ይልመድ፣ ከዚያ ይቃኙ። የናይለን አውታር ቅኝቱን ይጠብቃል፤ ግን ድምፁ ይለያል፣ እንዚራውም እንደገና መስተካከል አለበት። እኛ አንጀቱን እንመርጣለን።

አውታሮቹ 10 ናቸው። ሁሉንም የሚያስደረድሩ መምህራን አሉ፤ ሌሎች የተወሰኑትን ብቻ አስይዘው የቀሩትን የጣት ማረፊያ ያደርጓቸዋል። ሁለቱን መንገድ አይቀላቅሉ፣ አንድ መምህር ይያዙ። ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ያስተምራሉ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ጣት ሲደነዝዝ ያቁሙ።

ዕረፍቱ ከየት ይመጣል ቢሉ፦ ድርደራው ይደጋገማል፣ ድምፅዎ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ስንኙ ረጅም ስለሆነ ትንፋሽዎ ሳያስቡት ይረዝማል። ከዚያ በላይ ያለው የጸሎት ነው። በገና በዐቢይ ጾም ከሁሉ ይልቅ የሚደመጠው ለጸሎትና ለንስሐ ስለሆነ ነው፤ «የፈውስ ፍሪኩዌንሲ» ብሎ ከዚያ ቦታው ማንሳት እኛን ያሳዝነናል።

ከሰበታ

*የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ጆሮዬ እንደ ፉጨት ይጮሃል፣ አሁን ሌሊትም አይተወኝም። ድምፅ የሚሰጥ ሹካ ጆሮ አጠገብ ቢያዝ ይድናል ይባላል።*

ወንድማችን፣ ሹካው፣ ማለትም ሲመታ አንድ ወጥ ድምፅ የሚሰጠው ባለ ሁለት ጣት ብረት፣ አያድንም። ሐኪሞች 512 ኸርዙን ሹካ የሚጠቀሙት የመስማት ችግሩ ከጆሮ ቦይና ታምቡር በኩል ይሁን ከነርቭ በኩል ለመለየት ነው፤ መመርመሪያ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ያንተ ጩኸት ምንጩ ፋብሪካው ሳይሆን አይቀርም፤ በጩኸት የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት አይመለሱም፣ ስለዚህ የቀሩትን ማዳን ነው። የስፖንጅ መሰኪያ ካለህ ብዙ ሰው በስህተት ነው የሚያስገባው። በንጹሕ እጅ እንደ ቀጭን ዘንግ አድበልብለው፣ ሌላውን እጅህን ከራስህ ጀርባ አዙረህ የጆሮህን ቅጠል ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳበው፣ አስገባውና እስኪያብጥ 30 ሴኮንድ ያህል በጣትህ ያዘው። ከፊት ለፊት ሆኖ ለሚያይህ ሰው አብዛኛው ክፍሉ ከታየ አልገባም። ማሽኑ እየሠራ ለማውራት ብለህ አታውጣው።

ሌሊት ፍጹም ዝምታ ጩኸቱን ያጎላዋል። የዝናብ ድምፅ ወይም ማራገቢያ ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ ባለ ልክ ይከፈት፤ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነው፣ አንጎል ጩኸቱን ችላ ማለት የሚለምደው ሁለቱን አብሮ ሲሰማ ነው። ዘይት ወይም ነጭ ሽንኩርት ጆሮ ውስጥ አታስገባ። ኩክ ሞልቶም ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይታይልህ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ ወይም ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ወደ ጆሮ ሐኪም ሂድ። አንድ ጆሮህ ድንገት መስማት ካቆመ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ሕክምናው በተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።

ከአያት

*አዳራሽ ተከራይቼ በሳምንት አንድ ቀን ለ20 ሰው የጎንግና የሳህን ማረፊያ ላዘጋጅ ነው። ምን ልጠንቀቅ?*

ከበሩ ይጀምሩ። ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዱን ለብቻ ይጠይቁ፦ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና፣ የልብ ምት መሣሪያ፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የጆሮ ጩኸት፣ የሌለ ድምፅ የመስማት ወይም ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ጦርነት ወይም ጥቃት ያሳለፈ እንደሆነ። የመስሚያ መሣሪያ ያለው ያውልቅ ወይም ይቀንሰው። በአእምሮ ሕመም የሚታከም ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይማከር አይግባ፤ ሕክምና ያልጀመረውን በቅርቡ ወዳለ ጤና ተቋም ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይምሩት። «ያድናል» የሚል ቃል በማስታወቂያዎ ላይ አያውሉ፣ «ማረፊያ» ይበሉት።

ጎንጉን አጠገብ ማንም አይተኛ፤ 3 ሜትር ያህል ይራቁ። መሃሉን በኃይል ከመምታትዎ በፊት በጣም በለዘብታ ደጋግመው ነክተው ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጎንግ ድንገት ሲመታ ይጮሃል፣ የተኛውንም ያስበረግጋል። አዳራሹ ብሎኬትና ሴራሚክ ከሆነ ድምፁ ይፈነጠራል፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ይስቀሉ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ የክረምቱን ጊዜ ይተዉት፤ ዝናብ ሲመጣ እሱን ለማሸነፍ ይበልጥ ይመታሉ።

ለብርዱ ከሰል እንዳያስገቡ። ለዕጣን ብላችሁም ቢሆን። በተዘጋ ክፍል ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ሰው ደግሞ የተዝናና ይመስለዋል እንጂ እንደተመረዘ አያውቅም። ዕጣኑ ከመጀመሩ በፊት ውጭ ይጨስ፣ መስኮት ይከፈት።

መሃል ላይ የሚያለቅስ ወይም የሚንቀጠቀጥ ካለ ድምፁን ያቁሙ፣ መብራት ያብሩ፣ ዓይኑን ገልጦ ይቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ ስሙንና ያለበትን ቦታ ይጠይቁት። በግድ አይያዝ፣ «አውጣው፣ አልቅስ» አይባል። የሚጥል በሽታ ከተነሳበት ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሳህንና ጎንግ ያርቁ፣ ከራሱ ሥር ልብስ ያስገቡ፣ ሰዓት ይያዙ። ክብሪት አይጫርለት፣ አፉ ውስጥ ብረትም ጣትም አይግባ። መንፈራገጡ ሲቆም በጎኑ ያዙሩት። 5 ደቂቃ ካለፈው ወይም ሳይነቃ ከደገመው 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ።